የዲያፍራም ቡአ (ከውልደት ጋር የሚመጣ)

የዲያፍራም ቡአ ደረትን ከሆድ የሚለየውና ለመተንፈስ ዋነኛ የሆነው ዲያፍራም የተባለው ጡንቻ በፅንስነት ጊዜ ሳይዘጋ በመቅረቱ፣ አንጀት፣ ጨጓራ፣ አንዳንዴም ጉበት ወደ ደረት የሚገቡበት የአፈጣጠር ጉድለት ነው። ከ2,500 እስከ 3,500 ከሚሆኑ ወሊዶች በአንዱ ገደማ የሚከሰት ሲሆን፣ ከ10 ሕፃናት በ8ቱ ያህል ክፍተቱ በግራ በኩል ይገኛል።

ዋናው አደጋ ያለው ክፍተቱ ላይ ሳይሆን ሳንባው ላይ ነው፤ ሳንባ ቦታ አጥቶ ሳያድግ ስለሚቀርና በደም ሥሮቹ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር፣ ሕፃኑ እንደተወለደ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ሆዱም ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጉድለቱ በእርግዝና ወቅት በአልትራሳውንድ፣ ከወሊድ በኋላ በደረት ራጅ ይታወቃል።

እንዲህ ያለ ሕፃን በጭምብል አየር ሲነፋለት አንጀቱ ተነፍቶ ሳንባውን ይበልጥ ስለሚጫን፣ አየር በቀጥታ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ በሚገባ ቱቦ ይሰጠዋል፤ በጨጓራው ውስጥ ያለው አየርም በሌላ ቱቦ ይወጣል፤ ክፍተቱ በቀዶ ሕክምና የሚዘጋውም ትንፋሹና የደም ዝውውሩ ከተረጋጉ በኋላ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር አቅራቢያ ባለችው መሸንቲና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች ጉድለቱ አስቀድሞ ታውቆ፣ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች በሚገኙባት በባሕር ዳር መውለዳቸው ከወሊድ በኋላ ከሚደረግ አስቸኳይ ጉዞ እጅግ ይመረጣል።