ያለ ማስታወቂያ ክፍያ ገዢን የመሳቢያ ቀላል መንገዶች

የበሰለ ቲማቲም ገዢ እስኪገኝ አይጠብቅም። ከተለቀመ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይለሰልሳል፤ ይፈርጣል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ቀይ ሽንኩርት በሚገባ ከደረቀ ለሳምንታት ሊቆይ ቢችልም፣ እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ግን ይበሰብሳል። በዚህ ጊዜ ሌላ ገዢ መኖሩን የማያውቅ አርሶ አደር፣ ማሳው ዳር የቆመው የመጀመሪያ ሰው የጠራውን ዋጋ ለመቀበል ይገደዳል። በከተማም ቢሆን ልብስ ሰፊው፣ አናጺውና እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት የቤት ኪራይ ወሩን ጠብቆ ይመጣባቸዋል፤ መኖራቸውን ያላወቀ ደንበኛ ግን አይመጣላቸውም።

በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ለማስነገር የሁሉም አቅም አይፈቅድም። ይሁን እንጂ ገንዘብ ሳይከፈልባቸው ገዢን የሚያመጡ በርካታ መንገዶች አሉ። የሚጠይቁት ገንዘብን ሳይሆን ጥንቃቄን፣ ሳያቋርጡ መሥራትንና ታማኝነትን ነው።

ገዢው የሚጠይቀውን አስቀድሞ መመለስ

አንድ ገዢ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ማወቅ የሚፈልጋቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። ምን አለ? ምን ያህል ነው? በምን ደረጃ ላይ ይገኛል? የት ነው? እስከ መቼ ይቆያል? ዋጋው ስንት ነው? «ጥሩ ሽንኩርት አለ» የሚል መልእክት ከእነዚህ አንዱንም በወጉ አይመልስም። በአንጻሩ «የደረቀና የተመረጠ ቀይ ሽንኩርት፣ 30 ኩንታል፣ ወረታ አቅራቢያ የጭነት መኪና በሚገባበት መንገድ ዳር፣ ከመጋቢት 10 እስከ 15 የሚጫን» የሚል መልእክት፣ ከዋጋውና ከስልክ ቁጥር ጋር ሲቀርብ፣ ነጋዴው መኪና ለመላክ ወይም ላለመላክ ወዲያው እንዲወስን ያስችለዋል።

የምርቱን ደረጃ መግለጽም ይጠቅማል። ሩቅ ገበያ የሚሄድ ቲማቲም መቅላት ሲጀምር፣ በቅርብ ለሚበላ ደግሞ ሲበስል ይለቀማል። ስለዚህ «መቅላት የጀመረ» ወይም «የበሰለ» ብሎ መለየት ትክክለኛውን ገዢ ይጠራል፤ ሌላውን ከከንቱ ድካም ያድናል።

የገበያ ቀንና የአፍ ምስክርነት

የባቲ ገበያ ሰኞ፣ የሰንበቴ ገበያ ደግሞ እሑድ መዋሉ ለዘመናት የደጋውንና የቆላውን ሰው ያለ ጥሪ ሲያገናኝ ኖሯል። ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ ቀኑም ቦታውም አይለወጥም። ይህ ሥርዓት ለአንድ ግለሰብ ሻጭም ይሠራል። በየሳምንቱ በአንድ ሥፍራ የሚቀመጥ ቅቤ ወይም ማር ሻጭ ከጊዜ በኋላ ሰው ፈልጎ የሚያገኘው ይሆናል። ዛሬ በአንድ ጥግ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ጥግ የሚቀመጥ ግን የቀድሞ ደንበኞቹን እንኳ ያጣል።

ሚዛን ያላጎደለ፣ መልካሙን ከላይ ደርድሮ ደካማውን ከሥር ያልደበቀ ሻጭ ደንበኞቹ ራሳቸው አስተዋዋቂዎቹ ይሆኑለታል። የረካን ደንበኛ «ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ» ብሎ በትሕትና መጠየቅም ነውር የለበትም።

በካርታ ላይ መገኘት

ጉግል ለንግድ ቤቶች የሚሰጠው የካርታ ምዝገባ ነጻ ነው። የንግድ ቤቱ ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት፣ ስልክና ፎቶግራፍ ይሞላል፤ ቀጥሎም ባለቤትነቱ በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም ኩባንያው በሚጠይቀው ሌላ መንገድ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ጋራዥ፣ ምግብ ቤት ወይም የእህል መደብር የሚፈልግ ሰው በስልኩ ሊያገኘው ይችላል። አብዛኛው የከተማ ሰው አቅጣጫ የሚጠይቀው በመንገድ ቁጥር ሳይሆን በታወቀ ምልክት በመሆኑ፣ በመግለጫው ውስጥ «ከመናኸሪያው ፊት ለፊት» ወይም «ከድልድዩ ማዶ» ብሎ መጨመር ይረዳል።

የአማርኛ ፊደልም የራሱ ጥንቃቄ ይሻል። «ሐ» እና «ሀ»፣ «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሠ» እና «ሰ» በንባብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ ልብስ ስፌት» ተብሎ የተመዘገበን ቤት «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። ስለሆነም ስሙን በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፍ፣ ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ በመግለጫው ውስጥ አንድ ጊዜ ማስገባት ይመከራል። ብዙዎች በላቲን ፊደል ስለሚፈልጉም በዚያ የተጻፈውን ስም መጨመር ጠቃሚ ነው።

ደንበኞች የሚሰጡት አስተያየት ለአዲስ ገዢ ትልቅ ምስክር ነው። የተገለገለ ሰው እውነተኛ አስተያየቱን እንዲጽፍ መጠየቅ ተገቢ ሲሆን፣ ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ የሐሰት ውዳሴ ማስጻፍ ግን ሲታወቅ ስም ያጠፋል። ለቅሬታም ሳይቆጡ መልስ መስጠት አንባቢው የሚመዝነው ጠባይ ነው።

የቴሌግራም ቻናል

ቴሌግራም ቻናል የጀመረው በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ ነው። ቻናል መክፈት በነጻ ነው፤ የተከታዮቹ ቁጥርም ገደብ የለውም። ግሩፕ ሁሉም የሚነጋገርበት ሲሆን እስከ 200,000 አባላት ይይዛል። ለምርትና ለዋጋ ዝርዝር ቻናል ይመረጣል፤ ምክንያቱም የባለቤቱ መልእክት በሌሎች ጨዋታ መካከል አይጠፋም።

የቻናሉ ስም አጭርና ሥራውን የሚናገር ቢሆን መልካም ነው። የዕለቱ የዋጋ ዝርዝር ከላይ ተሰክቶ ቢቀመጥ አዲስ ገቢ ሰው ወደ ኋላ መቆፈር አያስፈልገውም። መልእክቱን በታወቀ ቀንና ሰዓት፣ ለምሳሌ በገበያው ዋዜማ ምሽት፣ ማውጣት ተከታዩን ያስለምዳል። በቀን ሃያ ጊዜ የሚጮህ ቻናል ግን ድምፁ ይዘጋል፤ ቀጥሎም ይተዋል። የቻናሉን ማስፈንጠሪያ በሱቁ በር፣ በደረሰኝና በዕቃ መያዣው ላይ መጻፍ ቤቱን የሚያውቀው ደንበኛ ሁሉ ተከታይ እንዲሆን መንገድ ይከፍታል።

ፎቶግራፉ ከሌላ ሰው የተወሰደ ሳይሆን የራስ ምርት መሆን አለበት። በማለዳ ብርሃን፣ ንጹሕ ሥፍራ ላይ አስቀምጦ ማንሣት በቂ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ እንደ ሲኒ ያለ የታወቀ ዕቃ ማኖር ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ፎቶግራፍ ይበቃል፤ የተመልካቹም የኢንተርኔት ፍጆታ ገንዘብ ነውና።

በኅብረት መቅረብ

የጭነት መኪና ለሦስት ኩንታል ብሎ ገጠር ድረስ አይገባም። የአሥር ጎረቤታሞች ምርት በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ግን ነጋዴው ይመጣል፤ አርሶ አደሮቹም በዋጋ ለመደራደር ጉልበት ያገኛሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አምራቾች ተደራጅተው ምርታቸውን በጋራ እንዲሸጡ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። ዘመናዊ ስልክ የሌለው አባልም ቢሆን የማኅበሩ ጸሐፊ ወይም የተማረ ልጁ መልእክቱን ሊያወጣለት ይችላል።

ከማታለል መጠበቅ

ብዙ ሰው በተገኘበት አታላይም አይጠፋም። «ገንዘቡን ልኬያለሁ» በሚል የሐሰት የጽሑፍ መልእክት ምርት አስጭኖ የሚሰወር ሰው አለ። ሻጩ ሊያምን የሚገባው የተላከለትን መልእክት ሳይሆን የራሱን ሒሳብ ነው። የቴሌብር ተጠቃሚ መኪናው ከመነሣቱ በፊት በመተግበሪያው ወይም በ*127# ገብቶ ቀሪ ሒሳቡን ማየት ይችላል። የምሥጢር ቁጥር ለማንም፣ የድርጅት ሠራተኛ ነኝ ለሚል ሰው ጭምር፣ አይሰጥም። በቤት ውስጥ ስላለ ጥሬ ገንዘብም በአደባባይ አይጻፍም።

በሻጩም ላይ ግዴታ አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር «ንጹሕ የላስታ ነጭ ማር» ብሎ ማቅረብ ከሕግ ተጠያቂነቱ ባሻገር፣ የአካባቢውን እውነተኛ ንብ አናቢዎች ሁሉ ገበያ ያበላሻል።

የትኛው መንገድ እንደሠራ ማወቅ

ሁሉም መንገድ ለሁሉም ሥራ እኩል አይጠቅምም። ለልብስ ሰፊ ካርታው፣ ለሽንኩርት አምራች የማኅበሩ ቻናል፣ ለቅቤ ሻጭ የገበያው ቦታ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ለመለየት ዋጋ የማይከፈልበት ዘዴ አለ፤ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ከማን ሰሙ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በደብተር መጻፍ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩ የትኛው መንገድ ሰው እንዳመጣ ያሳያል፤ ድካሙም ወደዚያው ይዞራል።

ምርቱ ሲያልቅም «አልቋል» ብሎ በዚያው ቀን ማስታወቅ ተገቢ ነው። ሩቅ መንገድ መጥቶ ባዶ መጋዘን ያገኘ ነጋዴ በሚቀጥለው የመኸር ወቅት ወደዚያ ደጃፍ አይመለስም። በጊዜው የተነገረው ግን ቁጥሩን ይዞ ይቆያል፤ ለሚቀጥለው ምርትም አስቀድሞ ይደውላል።