ከባሕር ማዶ ለተመለሱት ወታደሮቻችን



ሰው በሰፈሩ ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። በባዕድ አገር የወደቀውን ወጣት ወታደርስ ማን ይቀብረዋል? ይህን ስናስብ የቃኘው ሻለቃ ልጆች ትዝ ይሉናል።

በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ የተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ዘማቾች፣ በኮሎኔል ከበደ ገብሬ አዛዥነት፣ ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኮሪያ ተጓዙ። ሌሎችም በየተራ ተከተሏቸው። አገሩ ተራራ፣ ክረምቱ በረዶ፣ ቋንቋው እንግዳ ነበር። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ድረስ ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ ግን አንድም የለም። የወደቀውንም ጓደኛ ጥሎ መሄድ ነውር ነበርና ሬሳውን ተሸክመው ይመለሱ ነበር።

በመጀመሪያ ያረፉት ፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ነው። ኋላ ግን አፅማቸው ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስለን! ልጇ ባሕር ማዶ የቀረባት እናት፣ እርሟን የምታወጣበት መቃብር አገኘች ማለት ነው።

ኮሪያውያንም በ1960 ዓ.ም. ቹንቾን ከተማ ላይ ሐውልት አቁመውላቸዋል። ባዕድ ካልረሳቸው እኛማ እንዴት እንረሳለን? ወጣት ሳሉ ስላለፉ ልጅ ሳይተኩ የቀሩ አይጠፉባቸውም። እንግዲህ ለቀብርም ሆነ ለተዝካር ሥላሴ ስንሄድ መቃብራቸው ዘንድ ጥቂት ቆም ብለን ነፍስ ይማር እንበል። እድር ማለት ወገንን ሜዳ ላይ አለመተው ነው፤ እነሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው።