የቫይታሚን ዲ ተቀባይ

የቫይታሚን ዲ ነገር ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው አጥንትን ነው፤ እግሩ የተንጋደደ ሕፃን፣ ሪኬትስ፣ «ልጅሽን ፀሐይ አሙቂው» የሚለው የጤና ጣቢያ ምክር። ምክሩ ትክክል ነው። ግን ይኸው ቫይታሚን በነጭ የደም ሕዋሳት፣ በቆዳና በቆሽትም ሥራ አለው። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የሚያሠራውን ፕሮቲን ሐኪሞች «ቫይታሚን ዲ ሪሴፕተር» ይሉታል። በአማርኛ «የቫይታሚን ዲ ተቀባይ» ብንለው ይስማማዋል። «መቀበያ» ቢባል የዕቃ ወይም የቦታ ስም ይመስላል፤ ይህ ፕሮቲን ግን ተቀብሎ ዝም አይልም፣ ሥራ ይጀምራል።

ቫይታሚኑ እስኪደርስለት ድረስ ረጅም መንገድ አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ቆዳ ውስጥ ካለ የኮሌስትሮል ዘር ቫይታሚን ዲን ያስገኛል፤ ጉበት አንድ ጊዜ ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ለውጦ ካልሲትሪዮል የተባለ ሆርሞን ያደርገዋል። ተቀባዩ ካልሲትሪዮሉን ሲይዝ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ይጣመርና ዲኤንኤ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ጂን ሥራ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ያቆማል።

ተቀባዩን ማርክ ሃውስለርና አንቶኒ ኖርማን በ1969 በጫጩት አንጀት ውስጥ አገኙት። አንጀት ካልሲየም ስለሚመጥ ይህ ብዙም አላስገረመም። ያስገረመው በ1983 የመጣው ዜና ነው፦ ተቀባዩ በሰው ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥም ተገኘ። ከአጥንት ግንባታ ጋር የማይገናኝ ሕዋስ ምን ያደርግበታል?

ጥሩ መልስ የተገኘው በ2006፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የተመሩ ተመራማሪዎች ባወጡት ሥራ ነው። ማክሮፌጅ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ የቲቢ ባክቴሪያ መኖሩን ሲያውቅ የራሱን ተቀባዮች ያበዛል፤ ኩላሊትን ሳይጠብቅም በደም ውስጥ የሚዞረውን ቫይታሚን ዲ እዚያው ወደ ካልሲትሪዮል ይለውጣል። ከዚያ ካቴሊሲዲን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ ፕሮቲን ያመርታል። ሕዋሳቱ ቫይታሚን ዲ ባነሰው የደም ፈሳሽ ውስጥ ሲቀመጡ ይህ ምርት ቀነሰ፤ ቫይታሚኑ ሲጨመርበት ተመለሰ።

እኛ ዘንድ በደንብ ሊታወቅ የሚገባው ጥናት የተሠራው አዲስ አበባ ነው። በ1997 ላንሴት ላይ የወጣ ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አወዳደረ። ከታመሙት 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ። በእርግጥ የለሰለሰ የጎድን አጥንት ራሱ መተንፈስንና አክታ ማውጣትን ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከዚህ ልዩነት ምን ያህሉ የአጥንቱ፣ ምን ያህሉ የመከላከል አቅሙ እንደሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። ለእኔ ግን ሪኬትስን የእግር መንጋደድ ብቻ አድርጎ ማየት እንዲቀር ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ፀሐይ በሞላበት አገር ይህ እንዴት ሆነ? ብርድና የሰው ዓይን ተፈርቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫው ብቻ ብቅ ያለውን ሕፃን አስቡት፤ ጨረሩ የሚያገኘው ቆዳ የለም። መስኮት ሥር ማስተኛትም አይጠቅምም፤ ሙቀቱ ቢገባም መስታወቱ አልትራቫዮሌት ቢን ያስቀራል። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ሜላኒኑ ጨረሩን ስለሚውጥ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በክረምት ውጭ መውጣቱም አይበቃም። በብሪታንያ የጤና አገልግሎቱ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮግራም መውሰድን እንዲያስቡበት ይመክራል።

ተቀባዩ በብዙ የሰውነት ክፍል መኖሩ ግን ክኒን በዛ ሲል ጤና ይበዛል ማለት አይደለም። ቫይታል የተባለው የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን አሳትፎ፣ ለግማሾቹ በቀን 2,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት እየሰጠ ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተለ። ካንሰርም የልብ ሕመምም አልቀነሰም፤ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃባቸው በሽታዎች ግን በ22 በመቶ ቀንሰዋል። በሞንጎሊያ 8,851 ተማሪዎች በተሳተፉበትና በ2020 በታተመው ጥናትም፣ አብዛኞቹ እጥረት የነበረባቸው ሆነው ሳለ ቫይታሚኑ በቲቢ ከመያዝ አላዳናቸውም። በሎስ አንጀለስ ብልቃጥ ውስጥ የታየው በሰው ላይ እንዲሁ አልተደገመም። ለእጥረት የሚሰጥ መድኃኒት አንድ ነገር ነው፤ ሳይጎድል መጨመር ሌላ።

ከልክ ሲያልፍ የደም ካልሲየም ይጨምራል፤ ማስታወክ፣ የውኃ ጥምና የኩላሊት ጉዳት ይከተላል። ሳርኮይዶሲስ የያዛቸው ሰዎች በተለይ መጠንቀቅ አለባቸው። በእነሱ ሰውነት ማክሮፌጆቹ ያለ ከልካይ ካልሲትሪዮል ስለሚያመርቱ፣ ለሌላው ሰው ምንም የማያደርገው መጠን እነሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ክኒኑን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸው ካልሲየማቸውን ሊያይላቸው ይገባል።