ዜማ በመስመር ላይ የተጻፈበት ዘመን

በሙዚቃ ክፍል አምስቱ መስመር በሰሌዳ ላይ ተሰምሮ ዶ ሬ ሚ እያለ የሚለማመድ ተማሪ፣ ይህ ሁሉ ከሙዚቃ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የኤውሮፓ ሰዎች ዜማቸውን አጥርቶ የሚያስነብብ ጽሕፈት እስኪያገኙ ድረስ ብዙ መቶ ዓመታት ደክመዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሴቪል ጳጳስ የነበረው ኢሲዶር፣ ድምፅ ሊጻፍ ስለማይቻል ሰው በልቡ ካልያዘው ይጠፋል የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። በዚያ ዘመን መዘምር ማለት ዓመቱን ሙሉ የሚዜመውን በቃሉ ያጠና ሰው ነው። ንጉሥ ሻርለማኝ በ789 ዓ.ም. በግዛቱ ያሉ ካህናት የሮማን ዜማ እንዲማሩ አዘዘ። ሆኖም ትእዛዝ በደብዳቤ ሲሄድ ዜማ የሚሄደው በመምህር አፍ ብቻ ስለ ነበረ፣ ከአገር አገር መለዋወጡ አልቀረም። ይህ ዜማ በፓፓ ጎርጎርዮስ (590–604) ስም ጎርጎርዮሳዊ ይባላል፤ የታሪክ ዐዋቂዎች ግን አብዛኛውን መልኩን ያገኘው ከእርሱ በኋላ፣ የሮማና የፍራንኮች ዜማ ሲገናኙ ነው ይላሉ።

በ9ኛው መቶ ዓመት ጸሓፊዎች ከቃሉ በላይ ትናንሽ ምልክቶች ማኖር ጀመሩ። ምልክቱ ድምፁ መውጣቱን ወይም መውረዱን ያሳያል እንጂ በምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድ አይናገርም። እንግዲህ ዜማውን ለሚያውቅ ማስታወሻ ነው፤ ለማያውቅ አይጠቅምም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያዘጋጁት የአገራችን የድጓ ምልክትም ያለ መምህር የሚነበብ አይደለምና፣ ድጓ የተማረ ሰው ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

መፍትሔውን ያገኘው ጊዶ የሚባል ኢጣልያዊ መነኩሴ ነው። ጊዶ በፖምፖዛ ገዳም ሳለ ልጆች ዐሥር ዓመት ሙሉ ደክመው እንኳ ፍጹም መዘምር እንደማይሆኑ ተመለከተ። እርሱም መስመሮችን አሰመረ፤ በመስመሩና በመስመሮቹ መካከል ያለው ቦታ ሁሉ የራሱ ድምፅ እንዲኖረው አደረገ። እንዳይሳሳቱም የፋን መስመር ቀይ፣ የዶን መስመር ቢጫ ቀለም ቀባ። ድምፆቹን በልብ ለማስያዝም ለመጥምቁ ዮሐንስ የሚዜም አንድ የላቲን መዝሙር መረጠ። የዚህ መዝሙር እያንዳንዱ ሐረግ ከፊተኛው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ስለሚጀምር፣ ከየሐረጉ መነሻ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ የሚሉት ስሞች ወጡ። ኡት ወደ ዶ የተለወጠውና ሲ የተጨመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ለወዳጁ ለመነኩሴው ሚካኤል በጻፈው ደብዳቤ፣ አንዳንድ ልጆች ሦስት ቀን ሳይሞላቸው ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ አንብበው እንዳዜሙ ይናገራል። ይሁን እንጂ የገዳሙ ሰዎች ቀኑበት፤ እርሱም ወደ አሬዞ ከተማ ሄደ። በዚያ ጳጳሱ ቴዎዳልድ ተቀበለው። ዝናውን የሰማው ፓፓ ዮሐንስ 19ኛ (1024–1032) ወደ ሮማ አስጠራው፤ መጽሐፉንም እያገላበጠ ከመረመረ በኋላ ራሱ ከዚህ በፊት ያልሰማውን አንድ ቁጥር አንብቦ አዜመ። ጊዶ ግን የሮማ የበጋ ሙቀት ስላልተስማማው ብዙ አልቈየም።

ይህ ጽሕፈት ልጆችን ከድካም ማሳረፉ ብቻ አልነበረም። ቀድሞም አንዱ ሲያዜም ሌላው በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ድምፅ ጎን ለጎን ይከተለው ነበር፤ ይህም ያለ ጽሕፈት ይቻላል። ሦስትና አራት ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው የተለየ ዜማ ይዘው ሳይፋለሱ በአንድነት ለመሄድ እንደዚያ ያለ ረጅም ሥራ በልብ ብቻ መያዝ እጅግ ያስቸግራል። በ1163 ዓ.ም. ገደማ መሠረቱ በተጣለው በፓሪስ ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ሌዮኒን በሁለት ድምፅ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ፔሮቲን በሦስትና በአራት ድምፅ ዜማ ደረሱ። ድምፆች ሲለያዩ ደግሞ የጊዜው ርዝመት መታወቅ ስለነበረበት፣ በ1280 ዓ.ም. ገደማ የኮሎኙ ፍራንኮ ርዝመቱ በምልክቱ ቅርጽ የሚታወቅበትን ሥርዓት ጻፈ። ባሕና ሞዛርት ከዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

በእኔ አስተያየት ግን ትርፉ ብቻ መነገር የለበትም። በስዊስ አገር በሳንክት ጋለን ገዳም በ10ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ መጻሕፍት፣ ከጥንቶቹ ምልክቶች አጠገብ «ፍጠን»፣ «ያዝ አድርገው» የሚሉ ትናንሽ ፊደላት ነበሩ። መስመሩ የድምፁን ከፍታ በትክክል ሲይዝ፣ ይህ ረቂቅ አካሄድ ከመጻሕፍቱ እየጠፋ ሄደ። በፈረንሳይ አገር የሶሌም ገዳም መነኮሳት በ1889 ዓ.ም. የጥንቶቹን ብራናዎች ፎቶግራፍ እያነሡ ማሳተም የጀመሩት፣ መስመር ከመሰመሩ በፊት የነበሩት መዘምራን እንዴት ያዜሙ እንደ ነበር ከእነዚያ ትናንሽ ምልክቶች ለማንበብ ነው።