ኢ-መደበኛ ሥነ አመክንዮ፤ የኮሌጅ መግቢያ ኮርስ

ኢ-መደበኛ ሥነ አመክንዮ ሰዎች በዕለት ተዕለት ቋንቋ የሚያቀርቡትን ሙግት የሚመረምር የፍልስፍና ዘርፍ ነው። በምልክትና በቀመር የሚሠራው መደበኛ ሥነ አመክንዮ ከሒሳብ ጋር ይጎራበታል፤ ይኸኛው ግን የፍርድ ቤት ክርክርን፣ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽን፣ ማስታወቂያን፣ የቤተሰብ ምክክርን ነው ጉዳዬ የሚለው። መግቢያ ኮርሱ በብዙ አገሮች ለኮሌጅ ጀማሪዎች በአንድ ሴሚስተር ይሰጣል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» በሚል ስም፣ በ3 ክሬዲት ሰዓት፣ የተፈጥሮም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በአንደኛ ዓመቱ የሚወስደው የጋራ ትምህርት ነው። ተማሪው ባጭሩ «ሎጂክ» ይለዋል።

አመጣጥ

የትምህርቱ ሥር አርስቶትል ድረስ ይወርዳል። አርስቶትል ስለ ሶፊስቶች ማስተባበያ በጻፈው ድርሳን 13 የሙግት ሕጸጾችን ለይቶ፣ 6ቱን ከቋንቋ የሚመነጩ፣ 7ቱን ከቋንቋ ውጪ የሆኑ ብሎ መደባቸው። ዛሬ ተማሪው የሚያጠናው ዝርዝር ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ እየተጨመረበት የመጣ ነው። ለምሳሌ ተሟጋቹን ራሱ በተቀበለው ሐሳብ መያዝን፣ በባለሥልጣን ስም ማሳፈርን፣ «ካላስተባበልክ ተቀበል» ማለትን በአንድነት ያነሣቸው በ17ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ የጻፈው እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ነው።

ኮርሱ አሁን ያለውን መልክ የያዘው ግን ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሁለት መጻሕፍት በአንድ ዓመት ታተሙ። አንዱ የእንግሊዛዊው ስቲቨን ቱልሚን፣ ሌላው የቤልጅየማውያኑ ሻይም ፔሬልማንና ሉሲ ኦልብሬክትስ ቲቴካ ነው። ሁለቱም የሰው ሙግት በሒሳብ ማረጋገጫ ሚዛን ብቻ ሊመዘን አይችልም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ቻርልስ ሃምብሊን የመማሪያ መጻሕፍት ሕጸጽን የሚያስተምሩበትን መንገድ አጥብቆ ነቀፈ፤ ሁሉም ያንኑ ዝርዝር ያንኑ ያረጀ ምሳሌ እየተቀባበሉ፣ ሕጸጽ ምን እንደሆነ ሳያብራሩ ይሄዳሉ ሲል። ነቀፌታው ዛሬም የሚሠራባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው።

ለውጡን ያፋጠኑት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው። አሜሪካዊው የፍልስፍና መምህር ሃዋርድ ካሄን የምልክት ሥነ አመክንዮ ሲያስተምር፣ አንድ ተማሪ ይህ ሁሉ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ጦርነቱን ለማስፋፋት ከወሰኑት ውሳኔ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ እንደጠየቀው ጽፏል። ካሄን እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው መጽሐፍ ምሳሌዎቹን ከፖለቲካ ንግግርና ከጋዜጣ የወሰደው ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። በካናዳ የዊንዘር ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ራልፍ ጆንሰንና አንተኒ ብሌርም እ.ኤ.አ. በ1977 የራሳቸውን መማሪያ መጽሐፍ አወጡ፤ በዓመቱ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጠሩ። ኢ-መደበኛ ሥነ አመክንዮ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሆኖ የሚቆጠረው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ሂሳዊ አስተሳሰብን ለመመረቅ ግዴታ ሲያደርገው፣ ኮርሱ ከፍልስፍና ክፍል ወጥቶ የሁሉም ተማሪ ሆነ።

በኢትዮጵያ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ለዓመታት ቀርቶ ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ፣ ሎጂክ ከጋራ ኮርሶቹ አንዱ ሆኖ ገባ። ማስተማሪያ ሞጁሉ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ሲሆን ስድስት ምዕራፎች አሉት። አከፋፈሉ በአሜሪካዊው ፓትሪክ ኸርሊ እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመው ታዋቂ መማሪያ መጽሐፍ መንገድ የሄደ ነው፤ 22ቱ ሕጸጾች በአምስት ጎራ የሚከፈሉበትም አመዳደብ የኸርሊ ነው።

ሙግትን መለየት

የኮርሱ የመጀመሪያ ሥራ ሙግት የቱ እንደሆነ ማወቅ ነው። ሙግት ቢያንስ አንድ መነሻ ሐሳብና አንድ መደምደሚያ ይኖረዋል፤ መነሻው መደምደሚያውን እንዲደግፍ የቀረበ ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም በተግባር ተማሪውን የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው፤ በእኔ ግምት የኮርሱም ትልቁ ጥቅም ያለው እዚሁ ነው።

መማሪያ መጻሕፍቱ መነሻና መደምደሚያን የሚጠቁሙ የእንግሊዝኛ ቃላትን ያስጠናሉ። አማርኛ ግን የራሱ ጠቋሚዎች አሉት። «ስለዚህ»ና «እንግዲህ» መደምደሚያን ያስከትላሉ፤ «ምክንያቱም» መነሻን ያመጣል። ከሁሉ የረቀቀችው በግሥ ጫፍ የምትቀጸለዋ «ና» ናት። «ዝናብ መጥቷልና ልብሱን አስገቢው» ስንል መነሻው ከፊት ነው፤ «ልሂድ፣ መሽቷልና» ስንል ከኋላ ነው። ያችው «ና» «አልማዝና ከበደ» ስንል ማያያዣ ብቻ ናት፤ ምንም አታስረዳም።

«ስለ»ም እንዲሁ ሁለት ሥራ ይሠራል። «መብራት ስለጠፋ ጤፉ አልተፈጨም» የሚል ሰው የሚሟገት አይደለም። ጤፉ እንዳልተፈጨ ተናጋሪውም ሰሚዋም ያውቃሉ፤ የሚነገረው ምክንያቱ ነው። «መብራት ስለጠፋ ወፍጮ ቤቱ ዛሬ አይሠራም፤ ጤፉን ተሸክመሽ አትድከሚ» ቢላት ግን ሙግት አቅርቧል፤ ወፍጮ ቤቱ አለመሥራቱን ገና አላየችምና ልታምነውም ላታምነውም ትችላለች። የመጀመሪያው ማብራሪያ፣ ሁለተኛው ሙግት ይባላል። የቃሉ መልክ አንድ ሆኖ ሥራው የሚለያየው መደምደሚያው አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑና ባለመሆኑ ነው። ይህን ልዩነት በሁለት የወፍጮ ቤት ዓረፍተ ነገሮች የተረዳ ተማሪ ማብራሪያን ከሙግት መለየት ይቀለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ያልተነገረውን መነሻ ማውጣት ነው። «ሐኪሙ ሽበታም ነው፣ ስለዚህ ይታመናል» በሚለው ውስጥ «ሽበታም ሐኪም ሁሉ ይታመናል» የሚል የተደበቀ መነሻ አለ። አውጥተው ሲያዩት ድክመቱ ወዲያው ይታያል። እዚህ ላይ ደንብ አለ፦ የተደበቀውን ሲያወጡ ለተናጋሪው ከሁሉ የተሻለውን ትርጉም መስጠት ይገባል። ደካማውን አሲዞ ማሸነፍ ራሱ ሕጸጽ ነው።

እውነትና ጽኑነት

ሙግት በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መነሻው እውነት ከሆነ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን አይችልም የሚል ሲሆን ዲዳክቲቭ ይባላል፤ ሌላው መደምደሚያው የሚመስል ነው ከማለት የማያልፍ ሲሆን ኢንዳክቲቭ ይባላል። በመጀመሪያው ዓይነት፣ ግንኙነቱ ከያዘ ሙግቱ ጽኑ ነው እንላለን፤ መነሻዎቹም እውነት ከሆኑ ሙሉ ነው እንላለን።

የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ምክንያቱም እኛ «ትክክል ነው» ስንል እውነት ነው፣ አግባብ ነው፣ ከመነሻው ይከተላል ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ አንዷ ቃል ሁሉንም ተሸክማለች። ሁለት ሙግቶችን ጎን ለጎን ማየት ይረዳል።

ወንዞች ሁሉ ወደ ባሕር ይገባሉ፤ አዋሽ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ አዋሽ ወደ ባሕር ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ ጂቡቲ ድንበር ላይ ባለው የአቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። መደምደሚያው ሐሰት ነው፤ ሙግቱ ግን ጽኑ ነው። የተሳሳተው የመጀመሪያው መነሻ ነው።

አንዳንድ የኢትዮጵያ ወንዞች ወደ ሱዳን ይፈስሳሉ፤ ዓባይ የኢትዮጵያ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ ዓባይ ወደ ሱዳን ይፈስሳል። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፤ ሙግቱ ግን ጽኑ አይደለም። በዓባይ ቦታ አዋሽን ብንተካ መነሻዎቹ እውነት እንደሆኑ ይቆዩና መደምደሚያው ይወድቃል።

ሕጸጾች

በተማሪው ዘንድ ኮርሱ የሚታወቀው በሕጸጾቹ ነው። አንዳንዶቹ ከጉዳዩ የማይገናኝ ነገር የሚያመጡ ናቸው፤ ማስፈራራት፣ ማሳዘን፣ «ሀገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው» ብሎ በብዛት ማሸነፍ፣ ሰውየውን መስደብ። ሌሎቹ ማስረጃቸው የሳሳ፣ ወይም ሊያስረዱት የሚገባውን አስቀድመው የወሰዱ፣ ወይም በቃል መንታነት የሚጫወቱ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ከክፍል ወደ ሙሉ፣ ከሙሉ ወደ ክፍል ያለ አግባብ የሚሻገሩ ናቸው።

ስሞቹን መሸምደድ ፈተና ያሳልፋል እንጂ ብዙ አያራምድም። ተማሪው «ሬድ ሄሪንግ» የሚለውን ስም ይይዛል፤ ቃሉ ግን በጢስ የደረቀ የባሕር ዓሣ ስም ነውና በአእምሮው ምንም አይሥልለትም። ነገርን ማስቀየስ ቢባል ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚህም የከፋው፣ በስም ለይቶ ማውገዝ ልማድ ሲሆን ተማሪው መልካሙንም ሙግት ሕጸጽ ብሎ ይጥላል።

ለምሳሌ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት እንውሰድ። ልጁ በሕፃንነቱ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም አለችው፤ አድጎ በሬ ሰረቀ፤ ሊቀጣ ሲል እናቱን ወቀሰ። መማሪያ መጽሐፉ «ዛሬ ይህ ከሆነ ነገ ያ፣ ከነገ ወዲያም ጥፋት» የሚለውን ሙግት የተንሸራታች ቁልቁለት ሕጸጽ ይለዋል። ታዲያ እናቱን የወቀሰው የተረቱ ልጅ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው? መልሱ በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል ባለው ማያያዣ ላይ ያርፋል። ያልተቀጣ ስርቆት ልማድ ሆኖ እንደሚያድግ የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ሙግቱ ጠንካራ ነው። እንቁላል የሰረቀ ሕፃን ሁሉ የበሬ ሌባ ይሆናል ተብሎ ያለ ማስረጃ ከተነገረ ግን ሕጸጽ ነው። ሕጸጹ የሚለየው በሙግቱ ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ ማያያዣውን ፈትሾ ነው። ዳግላስ ዋልተንን የመሰሉ የዘርፉ ተመራማሪዎች ለእያንዳንዱ የሙግት ዓይነት የሚቀርቡ የመፈተሻ ጥያቄዎችን ያዘጋጁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገርም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በእኛ ዘንድ ተረት ጣል ሲደረግ ክርክር ይዘጋል። ሆኖም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለን ሕዝብ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»ም ይለናል። ለሁለቱም ወገን የሚመሰክር ምስክር ለአንዱም አልመሰከረም። ምሳሌያዊ አነጋገር ሐሳብን ያደምቃል፤ ለጉዳዩ ማስረጃ የሚሆነው ግን ሌላ ነገር ነው።

ቋንቋና ኮርሱ በኢትዮጵያ

የመንታ ትርጉም ምዕራፍ በእንግሊዝኛ ምሳሌ ሲሰጥ ተማሪው ግማሹን ያጣዋል፤ ቋንቋው ሁለተኛው ነውና ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ጊዜ አይመጡለትም። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ምዕራፍ የተሠራ ይመስላል። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ዶሮው ይበላል» ሲላላ ዶሮው ጥሬ ይለቅማል፣ ሲጠብቅ ለወጥ ይቀርባል። «የድሮ መጽሐፍ ሻጭ» ሲባል የድሮው መጽሐፉ ይሁን ሻጩ አይታወቅም። ሰምና ወርቅን በሚወድ ማኅበረሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ማስተማር አይከብደውም። ባለቅኔው ሰሙን ሲያቀርብ ወርቁን ሰሚው እንዲፈልገው ነው፤ ሕጸጽ የሚሆነው ተናጋሪው በመነሻው ላይ በአንዱ ትርጉም፣ በመደምደሚያው ላይ በሌላው ሰሚውን ሳያሳውቅ ሲሻገር ነው።

ሙግትም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የ«በላ ልበልሃ» ክርክር ባለጉዳዮች ዳኛ ፊት ቆመው በግጥም በሚመስል ንግግር ይሟገቱ፣ «ተጠየቅ» እየተባባሉ በጥያቄ ይያያዙ፣ በውርርድም ይቆራረጡ ነበር። ተከራካሪው የሌላውን ቃል ይዞ ወደ መነሻው ይመልሰው ነበር፤ ኮርሱ ዛሬ በሌላ ስም የሚያስተምረው ልምምድ ነው። በዚያ ሥርዓት አንደበተ ርቱዕነት ከማስረጃ በላይ የሚከብድበት ጊዜ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም፤ ለዛ ያለውን ንግግር ማስረጃ ካለው ንግግር መለየትን ያንኑ ቅርስ ይዞ ማስተማር ይቻላል።

ስለዚህ ለመምህራን የምንለው አንድ ነገር አለ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ልምምዱ ተማሪዎቹ በሚሟገቱባቸው ቋንቋዎች፣ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም፣ በሶማሊኛም ይሁን። ተማሪም ኮርሱን ሲጀምር የሕጸጾቹን ምዕራፍ አይጠብቅ። ዛሬውኑ የሚያነበውን አንድ ርዕሰ አንቀጽ ይዞ መደምደሚያውን ያስምርበት፤ ከዚያ ለእሱ የቀረቡትን መነሻዎች ይቁጠር።