የመምህር ማዕረግና ደመወዝ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ሳንሱሲ ላይ ጠመኔ የሚይዝ የመንግሥት መምህር ዛሬ ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ ወደ መሪ መምህርነት የሚያደርስ የደረጃ እድገት አለው፤ ነገር ግን መንግሥት ለመምህር ማዕረግ መቍጠር የጀመረው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ቀድሞ የኔታ በደብሩ ጥላ ሥር ፊደል፣ ዳዊት፣ ዜማና ቅኔ ሲያስተምሩ መተዳደሪያቸው ከቤተ ክርስቲያን መሬትና ከምእመናን ቸርነት ነበረ፤ ሙያቸውንም የሚመሰክርላቸው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሳይሆን፣ ዝናቸውን ሰምቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቍራሽ እየለመነ ከሩቅ አገር የሚመጣው ደቀ መዝሙር ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ግን መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ሆኑ፤ የአገሩን ልጅ በመንግሥት ማሠልጠኛ ለመምህርነት ማዘጋጀት የተስፋፋው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የደመወዝ ጥያቄያቸውን ይዘው፣ «ሴክተር ሪቪው» የተባለውንም የትምህርት ጥናት ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ጥናቱን ለማገድ ተገደደ። ደርግ ትምህርት ቤቶችን ሲያበዛ ደግሞ 12ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች ያለ በቂ ሥልጠና ለማስተማር ተላኩ፤ ጥፋቱ የወጣቶቹ አልነበረም።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሥልጠናውን ደረጃና የሙያ እድገቱን በአንድነት አሰበ። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ሆኖም ግምገማው ቅጽ መሙላት ብቻ በሆነበትና በእድገት የሚጨመረው ብር ለቤት ኪራይ በማይበቃበት ከተማ፣ ጎበዙ መምህር ሌላ ሥራ ቢፈልግ አይፈረድበትም።