ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ አቶም እቶን አደጋዎችና ስለ ምክንያታቸው

በሰሜን ሸዋ የሚገኙት ደብረ ብርሃንና አንኮበር ስለ ኃይልና ስለ ኃይል አጠባበቅ ለሚያስብ ሰው ብዙ ነገር ያስታውሱታል። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን መሆኑ የታወቀ ነው። አንኮበር ደግሞ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ የሚታይባት መዲና ነበረች። በዚያ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለ እጅ በአንኮበር በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ዳሩ ግን ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ብዙ ሳያገለግል ተተወ፤ እናቶቻችንም በእጃቸው መፍጨታቸውን ቀጠሉ። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ጠመንጃና መድፍ ይዞ በመጣ ጊዜ ግን ስጦታው በታላቅ ደስታ ተቀባይነትን አገኘ።

አስተዋይ አንባቢ ከዚህ አንድ ነገር ሊረዳ ይችላል። ማንንም የማይጎዳው ወፍጮ ተፈራ፤ ቤት የሚያፈርሰው መድፍ ተወደደ። የሰው ልጅ የሚፈራው በአደጋው ልክ አይደለም፤ የሚወደውም በጥቅሙ ልክ አይደለም። ስለዚህ አዲስ ኃይል ወደ አገር ሲገባ ሁለት ስሕተቶች በደጃፍ ቆመው ይጠብቁታል፤ አንደኛው ሳያውቁ መሸሽ ነው፤ ሁለተኛው ሳይጠነቀቁ ማቀፍ ነው።

ይህን ነገር ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት በተቋቋመበት በ1957 እ.ኤ.አ. አባል የሆነች አገር ናት። በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የኑክሌር የኤሌክትሪክ ጣቢያ ለመሥራት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ከሩሲያ ጋር ተፈራርማለች። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ሊቀር ነው። ነገ በጣቢያው የሚሠሩት መሐንዲሶች ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው፤ ሥራውን የሚቆጣጠሩትም እንደ እኛ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ ሌሎች ሕዝቦች በብዙ ዋጋ የገዙትን ትምህርት እኛ በንባብ ብቻ ለማግኘት ብንጥር መልካም ነው።

በመጀመሪያ የእቶኑን ጠባይ ባጭሩ እንመልከት። ሪአክተር የሚባለው የአቶም እቶን የዩራንየምን አቶም በመሰንጠቅ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱ ውሃን ያፈላል፤ እንፋሎቱም መዘውሩን አዙሮ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የእሳቱን ልክ የሚወስኑት ወደ እቶኑ የሚገቡና የሚወጡ መቆጣጠሪያ ዘንጎች ናቸው። ነገር ግን ይህ እሳት ከማገዶ እሳት የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ዘንጎቹ ገብተው ሥራው ከቆመ በኋላ እንኳ ከሙሉ ኃይሉ ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ሙቀት ወዲያው ሳይጠፋ ቀርቶ ቀስ በቀስ የሚቀንስ መሆኑ ነው። የሸዋ እመቤት ማታ የዳፈነችው ፍም ሌሊቱን ሙሉ በአመድ ውስጥ እንደሚኖር ሁሉ፣ የቆመ እቶንም ለብዙ ቀናት ያለ ማቋረጥ ውሃ ካላገኘ ራሱን ያቀልጣል።

የአደጋዎቹ ታሪክ በጉልህ የሚጀምረው በ1950 ዓ.ም. የመስከረም ወር ነው። መስከረም 19 ቀን፣ በሶቪየት ኅብረት ማያክ በተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ጨረር ያለበት ፈሳሽ ዝቃጭ የተከማቸበት ጋን ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ፈነዳ፤ ከአሥር ሺህ በላይ የሚሆን ሕዝብም ቀስ በቀስ ከመንደሩ ተነሣ። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ደግሞ በእንግሊዝ አገር ዊንድስኬል በተባለ ስፍራ አንድ እቶን በእሳት ተያያዘ፤ በአካባቢው የታለበው ወተትም እንዲደፋ ታዘዘ። ሁለቱ አገሮች በአገዛዛቸው እጅግ የተለያዩ ነበሩ፤ ነገሩን በመሸፈን ግን ተመሳሰሉ። የማያክ አደጋ ለሕዝብ በይፋ የታመነው ከ30 ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። የዊንድስኬልን ምርመራም የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በሙሉ እንዳይወጣ አድርገውት እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ተዘግቶ ኖረ።

በዊንድስኬል ግን አንድ የሚያጽናና ነገርም ተገኝቷል። ሰር ጆን ኮክሮፍት የተባሉት ሊቅ በጭስ ማውጫዎቹ አናት ላይ ማጣሪያ እንዲደረግ አጥብቀው ተከራክረው ነበር። ግንባታው ተጀምሮ ስለ ነበር ሥራውን አስቸጋሪ አደረገው፤ ወጪውም በዛ፤ ሠራተኞቹም ማጣሪያዎቹን የኮክሮፍት ሞኝነት እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። በእሳቱ ቀን ግን ከእቶኑ ከወጣው መርዝ ብዙውን ይዞ ያስቀረው ያ የተሣቀበት ማጣሪያ ነው።

ከ21 ዓመታት በኋላ፣ መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ ክፍል ትሪ ማይል አይላንድ የተባለው ጣቢያ ሁለተኛው እቶን በከፊል ቀለጠ። የአደጋው ጅማሬ ትንሽ ነገር ነበር፤ ከፍ ያለ ግፊትን የሚያስተነፍስ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ክፍል የነበረችው መብራት ግን ተዘግቷል የምትል ትመስል ነበር። መብራቷ የተሠራችው ቫልቩ መዘጋቱን ለማሳየት አልነበረም፤ እንዲዘጋ ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነበር የምታሳየው። ሠራተኞቹም መብራቷን አምነው፣ ውሃ በዝቷል ብለው፣ እቶኑን ያድን የነበረውን ውሃ በገዛ እጃቸው ቀነሱት። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ይኸው ብልሽት መስከረም 14 ቀን 1970 ዓ.ም. በኦሃዮ ክፍል ዴቪስ ቤሲ በተባለ ጣቢያ ደርሶ ያለ ጉዳት ያለፈ መሆኑ ነው። ከእቶኑ ሠሪ ኩባንያ አንድ መሐንዲስ ነገሩ ወደፊት አደጋ እንደሚያመጣ በማስታወሻ ጽፎ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ለጣቢያዎቹ ሳይደርስ ቀረ።

ስለዚህች መብራት ባነበብሁ ጊዜ በራሴ ላይ የደረሰ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በደጋው አገር በአንድ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ጸሐፊ ነበርሁ። ክረምት ሊገባ ሲል የመዝገብ ቤቱ ጠባቂ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ ጣራው ያፈሳል፤ ለአለቆች አሳስብልኝ» አሉኝ። እኔም ለክፍሉ ሹም ነገርሁ። እርሳቸውም ጣራው እንዲጠገን ባለፈው ዓመት ደብዳቤ ተጽፏል፤ አሁን የዓመቱ መግለጫ በሚላክበት ጊዜ ደግሞ ማንሣት አይገባም አሉኝ። እኔም በመግለጫው ላይ «ንብረቱ በመልካም ሁኔታ ይገኛል» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍሁ። በነሐሴ ወር መዝገብ ቤቱ ሲከፈት የብዙ ገበሬዎች የመሬት ወረቀት በስብሶ፣ ቀለሙ ፈስሶ ተገኘ። ከነዚያ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ርስታቸውን ለማስረዳት በየደጁ ሲመላለሱ ለብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እኔም ለማታለል አላሰብሁም። የተጻፈውን ትእዛዝ እንደ ተፈጸመ ሥራ ቈጠርነው፤ ይኸው ብቻ ነው። የትሪ ማይል አይላንዷ መብራትም የሠራችው ይህንኑ ነው።

ከአደጋዎቹ ሁሉ የከፋው ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ በዩክሬን በቼርኖቢል ጣቢያ የደረሰው ነው። በዚያ ሌሊት በ4ኛው እቶን አንድ ሙከራ ይደረግ ነበር፤ ይኸውም ኃይል በተቋረጠ ጊዜ መዘውሩ በራሱ ግፊት እየዞረ ለውሃ መግፊያዎቹ ኤሌክትሪክ ለመስጠት መቻሉን ለመፈተን ነበር። ሙከራው በቀን እንዲሆን ታቅዶ ሳለ፣ የኪየቭ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ኃይል ስለ ፈለገ ብዙ ሰዓት ዘገየ፤ ሥራውም በሚገባ ባልተዘጋጁት የሌሊት ሠራተኞች እጅ ወደቀ። የእቶኑ ኃይል ከታሰበው እጅግ ዝቅ አለ፤ ቢሆንም ሙከራው እንዲቀጥል ተደረገ። በመጨረሻ የማቆሚያው ቁልፍ ሲጫን መቆጣጠሪያዎቹ ዘንጎች ወደ እቶኑ ወረዱ። ነገር ግን ጫፋቸው ከግራፋይት የተሠራ ስለ ነበር እሳቱን ከማጥፋታቸው አስቀድሞ ለጥቂት ሴኮንዶች አባባሱት፤ እቶኑም ፈነዳ። በፍንዳታው ሌሊት ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ በጨረር ሕመም ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ 28 ሰዎች አረፉ፤ አብዛኞቹም እሳቱን ለማጥፋት የሮጡና የጣቢያው ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት ከመኖሪያው የተነሣው ሕዝብ 116 ሺህ ያህል ነው።

በመጀመሪያ ጥፋቱ ሁሉ በሌሊቱ ሠራተኞች ላይ ተደፋ። ቈይቶ ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። በ1968 ዓ.ም. በሌኒንግራድ ጣቢያ በተመሳሳይ እቶን ላይ ደርሶ የነበረ አደጋ ስለ እቶኑ ጠባይ አስጠንቅቆ ነበር፤ የዘንጎቹም ጉድለት በ1976 ዓ.ም. በሊቱዌንያ በኢግናሊና ጣቢያ ታይቶ ነበር። ይህ ዕውቀት ግን በምስጢር ተይዞ፣ ቁልፉን የሚጫኑት ሰዎች በሚገባ ሳያውቁት ቀሩ። ስለዚህም በ1992 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ ድርጅት አማካሪዎች የቀድሞ ፍርዳቸውን አሻሽለው የእቶኑ አሠራርና የአስተዳደሩ ልማድ ከፍ ያለ ድርሻ እንደ ነበረው መሰከሩ። ፍሬኑን ሲረግጥ መኪናው እንደሚፈጥን ያልተነገረው ሾፌር ገደል ቢገባ፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

በመጨረሻ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን አገር ታላቅ የምድር መናወጥ ሆነ፤ ከባሕርም የተነሣው ማዕበል በፉኩሺማ ጣቢያ ላይ ወደ 14 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መጣ። እቶኖቹ ምድር በተናወጠ ጊዜ እንደሚገባ ቆመው ነበር፤ ነገር ግን የተጠባባቂ ሞተሮቹ አብዛኞቹ በምድር ቤት ስለ ነበሩ በውሃ ተዋጡ፤ ውሃ የሚገፋ ኃይል ጠፋ፤ የተዳፈነውም ፍም ሦስት እቶኖችን አቀለጠ። እንዲህ ያለ ማዕበል ከቶ ያልታሰበ ነበርን? አይደለም። በ869 እ.ኤ.አ. በዚያው ባሕር ዳርቻ ታላቅ ማዕበል መነሣቱን የጃፓን ዜና መዋዕል ይመሰክራል። ኩባንያውም ራሱ በ2000 ዓ.ም. አስልቶ ከ15 ሜትር የሚበልጥ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል አውቆ ነበር፤ ይጠና ተብሎ ሲቈይ ግን ማዕበሉ ቀደመ። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው መርማሪ ጉባኤ በ2004 ዓ.ም. አደጋው ሰው ሠራሽ መሆኑን አስታወቀ።

በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ለመናወጡ መነሻ ይልቅ የቀረበው የኦናጋዋ ጣቢያ ግን ዳነ። ሒራይ ያኖሱኬ የተባሉ መሐንዲስ የጥንቱን ማዕበል ታሪክ መሠረት አድርገው፣ ጣቢያው ከ14 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ እንዲሠራ ስለ ተከራከሩ ነው። እርሳቸው ያን ቀን በሕይወት አልነበሩም፤ ማዕበሉ ቤታቸውን የወሰደባቸው የአካባቢው ሰዎች ግን በዚያ ጣቢያ ቅጥር ገብተው ተጠለሉ። ታሪክ ማንበብ ለመሐንዲስ ምን ይጠቅመዋል ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ ሊሰጥ አይቻልም።

እንግዲህ የአደጋዎቹ ምክንያት ምንድር ነው? ቫልቭ ይበላሻል፤ ምድር ይናወጣል፤ ሰው በሌሊት ይደክማል። ነገር ግን በትሪ ማይል አይላንድ፣ በቼርኖቢልና በፉኩሺማ አደጋው ከመድረሱ በፊት የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ ዕውቀቱ ግን ሥልጣን ወዳለው ወይም ቁልፉን ወደሚይዘው ሰው ሳይደርስ በመንገድ ቀረ። አንዱ አለቃውን ፈራ፤ ሌላው ወጪውን ፈራ፤ ሌላው የአገሩን ስም ጠበቀ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚለው ተረት የአቶም እቶን በሌለበት አገር የተነገረ ነው። እቶን ለሹመት አይሰግድም፤ በመግለጫ ላይ የተጻፈውንም አያነብም።

ይህን ስል የአንኮበርን ወፍጮ እንደ ገና ይተው ማለቴ አይደለም። ዛሬ በ30 ያህል አገሮች ከ400 የሚበልጡ እቶኖች ይሠራሉ፤ በአብዛኞቹም ዘንድ ሥራው በሰላም ይፈጸማል። የአገራችንም ሕዝብ መብራት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ከእቶኑ አስቀድሞ የሚሠራ ነገር አለ፤ እርሱም ታናሹ ለታላቁ እውነቱን የሚናገርበት፣ ታላቁም ሳይቈጣ የሚሰማበት ልማድ ነው። ይህ ከውጭ አገር በመርከብ ተጭኖ አይመጣም፤ ለመጀመርም የአቶም ጣቢያ መጠበቅ አያሻም። በየመሥሪያ ቤታችን፣ በየመዝገብ ቤታችን፣ ጣራው ያፈሳል ብለው የሚመጡትን ሽማግሌ በመስማት ዛሬ ይጀመራል።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ስለ ጎጆ እሳት ነበር። ቅጠሉ ግን ያው ነው፤ በጊዜው የተነገረ፣ በጊዜውም የተሰማ እውነተኛ ቃል ነው።